የሕዋስ ግድግዳና እንዝርት
ለመምህራን የተደረገ ንግግር



የሳይንስ መምህር ስለ ሕዋስ ሲያስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን መሣል የተለመደ ነው። አንደኛው ማእዘን ያለው የዕፅዋት ሕዋስ፥ ሁለተኛው ድቡልቡሉ የእንስሳት ሕዋስ ነው። ተማሪውም የክፍሎቹን ስም ሸምድዶ፥ በፈተና ቀን ጽፎ፥ በማግስቱ ይረሳዋል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉ የቆመ ሲሆን ሕዋስ ግን ሌሊትና ቀን የማያርፍ ሠራተኛ ነውና። ለዚህ ንግግር ምሳሌው ከናይሮቢ የተወሰደው፥ ሕዋስ ሲሠራ፥ አልፎም ሥራው በሌላ ሲነጠቅ በግልጽ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዷ እርሷ ስለሆነች ነው።

ሕዋስን በስሙ የጠራው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ መሆኑን ገለጸ። ያየው ግን የሞተውን ሕዋስ ግድግዳ እንጂ ባለቤቱን አልነበረም። በ1838 ሽላይደን ስለ ዕፅዋት፥ በ1839 ሽቫን ስለ እንስሳት፥ ሁሉም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን አስተማሩ፤ ጥቂት ቆይቶም ፊርኾ ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አስታወቀ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ወደ ፊት ስለምትፈለግ አድማጭ በልቡ ይያዛት።

በናይሮቢ ገበያ ሱኩማ ዊኪ የሚባለውን ጎመን የምትሸጥ ሴት፥ ጧት ያመጣችው ቅጠል በቀትር ሲጠወልግ ውሃ ትረጭበታለች፤ ቅጠሉም ተመልሶ ቀና ይላል። ይህ የሚሆነው በዕፅዋት ሕዋስ መካከል ያለው ትልቅ የውሃ ከረጢት ሲሞላ ስሱን ሽፋን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፥ ከሴሉሎስ የተሠራው ጠንካራ ግድግዳም ግፊቱን ስለሚቋቋም ነው። ግድግዳ የሌለው የእንስሳት ቀይ የደም ሕዋስ ግን በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ አብጦ ይፈነዳል። የግድግዳውን ነገር በክፍል ለማሳየት የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭና ጨው የበዛበት ውሃ ይበቃል፤ ቀለም ያለው የሕዋሱ ክፍል ከግድግዳው ሲሸሽ ተማሪው በዐይኑ ያየዋል። ማይክሮስኮፑን እንዳይሰበር ብሎ በቁልፍ የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት ግን ባይገዛው ይሻለው ነበር።

የዕፅዋት አረንጓዴ ክፍል ከዚህ ሌላ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ክሎሮፕላስት የተባሉ አካላት አሉት። የዘር መመሪያ የሚጠበቅበት አስኳልና ምግብን ወደ ኀይል የሚለውጡ ማይቶኮንድሪያ ግን ለዕፅዋትም ለእንስሳትም የጋራ ናቸው።

በናይሮቢ አጠገብ በካቤቴ እ.ኤ.አ. በ1973 የእንስሳት በሽታዎችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ላቦራቶሪ ተቋቋመ። ይኸው ላቦራቶሪ በ1974 በአዲስ አበባ ከተቋቋመው የቁም እንስሳት ማእከል ጋር በ1994 ተዋሕዶ ዛሬ ኢልሪ የሚባለው ሆኗል። ከላቦራቶሪው ዋና ሥራዎች አንዱ የገንዲ በሽታ ሲሆን፥ ሌላው የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት የተባለው የከብት በሽታ ነበረ። የገንዲው ተሐዋሲ በደም ውስጥ ከሕዋስ ውጭ ይዋኛል፤ የሁለተኛው አኗኗር ግን እጅግ የተለየ ነው።

ታይለሪያ ፓርቫ የተባለው ይህ ተሐዋሲ በቡናማው የጆሮ መዥገር አማካይነት ወደ ከብቱ ይገባና ሊምፎሳይት በተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ያድራል። ሊምፎሳይት ከብቱን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሰማራ ዘበኛ ነው፤ ሌባው ያደረው በዘበኛው ቤት ነው ማለት ነው። እንደ ገባም ሕዋሱ የጠቀለለበትን ሽፋን ፈጥኖ ይጥልና የሕዋሱን ጥቃቅን የአጽም ቱቦዎች በዙሪያው ይሰበስባል። አሳዳሪውን አይገድለውም፤ ያለ ማቋረጥ እንዲከፈል ያደርገዋል እንጂ። አንድ ሕዋስ ሲከፈል እነዚያ ቱቦዎች እንደ እንዝርት ተሰድረው፥ የዘሩን ክሮች ወደ ሁለት ወገን ይስባሉ። ታይለሪያም በእንዝርቱ ላይ ተጣብቆ አብሮ ይከፈላል፤ ሁለቱም ልጆች ሕዋሳት በሽታውን ይወርሳሉ። ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይወለዳል የተባለው ሕግ በዚህ ለጠላት ያገለግላል።

ከብቱ ላይ የሚታየው ምልክት የዚሁ ውጤት ነው። በጆሮው ሥር ንፍፊት ያብጣል፥ ትኩሳት ይነሣል፥ በኋላም ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። የፈረንጅ ዘር ያላት ላም ካልታከመች ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ትሞታለች፤ አንዲት የወተት ላም ላለው ገበሬ ይህ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ መጥፋት ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ ቡፓርቫኮን በተባለው መድኀኒት ተሐዋሲው ሲሞት ሕዋሱ መከፈሉን ማቆሙ ነው። ነቀርሳን የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚህ የከብት በሽታ የተሳቡት ስለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የታይለሪያ የዘር መመሪያ በ2005 በሙሉ ተነብቦ ሲታተም 4 ክሮሞሶሞችና ወደ 4,000 የሚጠጉ ጂኖች ተገኙበት፤ ከእነዚህም ተለይታ የራሷ ዘር ያላት ትንሽ አካል አለች። ይህች አካል በጥንት ዘመን በተሐዋሲው ቅድመ አያት ከተዋጠ የውሃ አልጌ የተረፈች፥ አረንጓዴነቷን የተወች የክሎሮፕላስት ዘመድ ናት። እንግዲህ በላሟ ሕዋስ ውስጥ ተሐዋሲ፥ በተሐዋሲው ውስጥ ደግሞ የዕፅዋት ሕዋስ ቅሪት ይገኛል። በሰሌዳው ላይ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል የሚሰመረው መስመር ይህን አይናገርም።

ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በሙጉጋ በ1970ዎቹ ዓመታት የተዘጋጀው መከላከያ ዛሬም ይሠራበታል። በበሽታው የተያዙ መዥገሮች ተፈጭተው የተገኘው ሕያው ተሐዋሲ ለከብቱ ይወጋል፤ በዚያው ሰዓት ለብዙ ቀን የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይሰጠዋል። በሽታው ቀለል ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የከብቱ ጤነኛ ሊምፎሳይቶች የተያዙትን ሊምፎሳይቶች እየለዩ ይገድላሉ። ችግሩ ክትባቱ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ካልተቀመጠ የሚበላሽ መሆኑ ነው፤ ናይትሮጅኑ ደግሞ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ከብት አርቢ በቀላሉ አይደርስም።