አንድ ግቢ፣ ስድስት በር፤ ቆሻሻው የማን ነው?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቤታችን ቆሻሻ ነው። ርእሱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እንጅባራም ሆነ ዳንግላ በኪራይ የምንኖር ብዙዎቻችን አንድ የግቢ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቆጣሪ ተጋርተን ነው የምንኖረው። በእንዲህ ያለ ግቢ ጎረቤት ከጎረቤት ከሚያኳርፉት ነገሮች አንዱ ቆሻሻ ነው። «ማን ጣለው?» ይባላል፤ «እኔ አይደለሁም» ይባላል። በመጨረሻ ዝም ብላ የምትጠርገው አንዲት ሴት ናት። ብዙ ጊዜም በቅርብ የገባችው፣ ወይም አፍ አውጥታ መናገር የምትፈራዋ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የጽዳት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ነው።

ብዙዎቻችን ያደግነው በገጠር ነው። እዚያ የድንች ልጣጩም አተላውም ለከብት ይሰጣል፤ እበቱ ኩበት ይሆናል ወይም ማሳ ይገባል፤ አመዱ ጓሮ ይበተናል። ሁሉም ነገር መሄጃ አለው። ከተማ ስንገባ የተቋረጠው ይህ መሄጃ ነው። ከብት የለም፤ ጓሮ የለም። በዚያ ላይ ፌስታሉ፣ የሃይላንድ ጠርሙሱና ዳይፐሩ ተጨመረ። እነዚህ ደግሞ ቢቀብሯቸው አይበሰብሱም፤ ቢያቃጥሏቸው ጭሱ በየክፍሉ እየገባ ሕፃናትን ያስላል። እንግዲህ «የከተማ ሴት ሰነፈች» ብሎ መውቀስ ትክክል አይደለም። የጎደለን መሄጃው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ስድስት ክፍል በተከራየበት ግቢ ግን ቤተሰቡ የቱ ነው? ኃላፊውስ ማን ነው? አከራዩ ሌላ ሰፈር ይኖር ይሆናል። አንዷ ልጣጩን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ ለይታ ብታስቀምጥ፣ ማታ ሌላው መጥቶ ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ይደባልቀዋል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ያየች ሴት «ለምን እደክማለሁ?» ብትል አይፈረድባትም። መልካም ልማድ ብቻውን ሲሆን እንዲህ ይሞታል።

መብራቱም እንደዚሁ ነው። አንድ ቆጣሪ ላይ ያሉ ተከራዮች ሂሳቡን እኩል ሲካፈሉ፣ የቆጠበችውም ያባከነችውም አንድ ዓይነት ትከፍላለች። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየሠራ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም 350 ባለ 10 ዋት አምፖሎችን ባንዴ እንደማብራት ነው። ስድስት ሴቶች በስድስት ቀን ምጣዱን ከቀዝቃዛው ጀምረው ቢያሞቁ፣ እስኪግል የሚባክነው መብራት ስድስት ጊዜ ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ያው ምጣድ አንዴ ከጋለ ሁለት ሦስት ሴቶች ተከታትለው ቢጋግሩበት የማሞቂያው ወጪ ይካፈላል። ቡናችንንም ተመልከቱ። ጎረቤት ተጠራርቶ በተራ ሲያፈላ ከሰል የሚነድደው በአንድ ምድጃ ነው። ከፋግታ ለኮማና ከባንጃ ለሚመጣው የዲከረንስ ከሰል ዋጋ እየከፈለች ያለች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አንዲት ሴት ያጠራቀመቻቸውን ጥቂት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ማንም አይፈልጋቸውም፤ የስድስት ቤት ሞልቶ በጆንያ ሲታሰር ግን ቁራሌው ራሱ ይመጣል። አብሮ መኖር ጥሩውንም መጥፎውንም ልማድ ያበዛል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ተራ መኖሩ ነው።

ተራ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እቁባችን በተራ ነው፤ የአባቶቻችን ወንፈልም በተራ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየግቢያችን አንድ የቡና ሰዓት ለዚህ ጉዳይ እናውል። ሦስት ጆንያ ይዘጋጅ፦ አንዱ ለልጣጭና ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለፕላስቲክና ለብረታ ብረት፣ አንዱ እንደ ዳይፐር ላሉት ወደ ከተማው ማስወገጃ ለሚሄዱት። የሳምንቱ ተረኛ በክፍል ይቆጠር። ክፍሉ ውስጥ ወንድ ካለ ወንዱም ተረኛ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካሉም እነሱም ተረኞች ናቸው።

የሚበሰብሰውን ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ለመለወጥ አንድ ጥግ ይበቃል። በበጋ ጉድጓድ ይሻላል፤ በክረምት ግን የአገራችን ዝናብ ጉድጓዱን ውኃ ስለሚሞላው ከመሬት በላይ መከመር ነው የሚበጀው። ደረቅ ቅጠል፣ ልጣጭ፣ ጥቂት አመድና አፈር እያነባበሩ፣ አልፎ አልፎ እያገላበጡ መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ «ሳይበስል አከራዬ ቢያስወጣኝስ?» የምትል እህት ትኖራለች። ጥያቄዋ እውነት ነው፤ ብስባሽ ወራት ይፈልጋል፣ ኪራይ ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ አከራዩን ገና ሲጀመር እናነጋግር። ጥጉን ይስጥ፤ ሥራውን እኛ እንሥራ፤ ማዳበሪያው ለጎመኑም ለአበባውም ይሁን። ግቢው ሲጸዳ የሚጠቀመው እሱም ነው።

ፌስታልን በተመለከተ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢላችንን ይዘን ገበያ መውጣት እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ የክረምት ጎርፍ በር ላይ ከሚመጣብን ይሻላል።

ደጋፊዎቻችንን በትሕትና አንድ ነገር ልበል። የቆሻሻ በርሜል መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን ተራ በሌለበት ግቢ የተቀመጠ በርሜል ሞልቶ ይፈሳል፤ የሚያነሣው የለም። መጀመሪያ የግቢዎቹን ስምምነት አግዙ፤ በርሜሉ ተስማምተው ተራ ላወጡት ይሰጥ።

እኛም ከዚህ ስንወጣ በየግቢያችን የመጀመሪያዋን ተረኛ እንምረጥ። ያቺ ሁልጊዜ ብቻዋን ስትጠርግ የኖረችው ሴት ግን በዚህ ዙር የመጨረሻዋ ተረኛ ትሁን።