ላፕቶፑ ከመቀየሩ በፊት ሒሳቡ ይመርመር

(ለማኅበራችን ሒሳብ ያዦች የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ ላፕቶፕ ሲዘገይ ምን እናድርግ የሚል ነው። ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። እኛ በዋናው ሒሳብ ክፍል ያለን ሴቶች የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደለንም። የተማርነው ሒሳብ ነው፤ ዲፕሎማችንም የሒሳብ ነው። ይህን የተማርነው በችግራችን ነው፤ ስሕተታችንንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰኔ ነው። ሰኔ ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዓመቱ በ30 ይዘጋል፣ ገበሬው ደግሞ ለማዳበሪያና ለዘር ገንዘብ ይፈልጋል። አንድ ቀን ጠዋት ከስማዳ በኩል አንዲት እናት ቁጠባቸውን ሊያወጡ መጡ። ላፕቶፑን ከፈትን፤ መዝገቡን ጠራን፤ ያቺ ክብ ምልክት መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። እናታችን ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩናል። ከቆዩ በኋላ፦

«ልጆቼ፣ ገንዘቤ የት ሄዶ ነው እንዲህ የምትፈልጉት?» አሉ።

«እናታችን፣ ገንዘብዎስ አለ፤ ማሽኑ ነው የዘገየ» አልናቸው።

ደብተራቸው ላይ ያለውን ከላፕቶፑ መዝገብ ጋር ሳናመሳክር መክፈል አንችልም። መዝገቡ ተከፍቶ እስኪመሳከር የ9 ሰዓቷ መኪና ሄደች። እናታችን ከተማ ውስጥ ከዘመድ ቤት አደሩ። ገንዘባቸውን በማግስቱ ሰጠናቸው፤ «የት ሄዶ ነው» ያሉት ቃል ግን ከጆሯችን አልወጣም። ቁጠባ በእምነት የቆመ ነገር ነው። እናት ገንዘቧን ልታወጣ መጥታ ስንደናበር ካየችን በሚቀጥለው ወር አታስቀምጥም።

በዚያው ሳምንት ላፕቶፑን ወደ ጠጋኝ ወሰድነው። ባለሙያው ሁለት ምርጫ ሰጠን፤ ወይ ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ወይ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት። የመጀመሪያው መዝገባችንን አደጋ ላይ ይጥላል። ሁለተኛው ከአባላት ብድር ላይ ይነሣል፤ በአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ስንት እናት በግ ገዝታ ታደልባለች!

አንድ ቀን ስጡን ብለን ተመለስን። ተመልሰንም እንዲህ አልን፦ ካዝናችን ቢጎድል አዲስ ካዝና እንገዛለን? አንገዛም። ገንዘቡ የት እንደሄደ እንመረምራለን። እንግዲያውስ የላፕቶፑ ጉልበት የት እንደሚሄድ ለምን አንመረምርም?

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ይህን እንደ ጎታ ቁጠሩት። ፋይላችን፣ ፎቷችን፣ ፕሮግራማችን ሁሉ እዚያ ይኖራል፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ሁለተኛው ራም ወይም ሜሞሪ የሚባለው ነው፤ ይህን እንደ ሰፌድ ቁጠሩት። የጎታው እህል ሁሉ ሰፌድ ላይ አይወጣም፤ ለዛሬ የሚበቃን ዘግነን እናወጣለን፣ እናበጥራለን፣ ስናበቃ እንመልሳለን። ላፕቶፑም የተከፈተውን ፕሮግራም ከጎታው አውጥቶ ሰፌዱ ላይ ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ሰፌዱ ላይ የነበረው ይደፋል። ሴቭ ያላደረግነው ሥራ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሰፌዱ ሲሞላ ምን ይሆናል? ላፕቶፑ እንቢ አይልም። ከሰፌዱ የተወሰነውን ወደ ጎታው ይመልስና ቦታ ያበጃል፤ ያንን ስንፈልገው ደግሞ ሌላውን መልሶ እሱን ያወጣል። ቀኑን ሙሉ መዘገንና መመለስ ይሆናል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከር ሰሐን ስለሆነ፣ ይህን ማመላለስ በጣም ይከብደዋል። እናታችን ያዩት መዞር ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ የመጀመሪያ ስሕተታችንን እንናገር። «ላፕቶፑ ከብዶት ነው» ብለን ፎቶዎች አጠፋን። ከጠፉት ውስጥ ማኅበራችን የተመሠረተ ዕለት የተነሣናቸው ነበሩ። ላፕቶፑ ግን ምንም አልፈጠነም። ፎቶ ጎታ ውስጥ ነው፤ ካልከፈቱት ሰፌድ አይዝም። ጎታው እስከ አፉ ከሞላ መቀነስ ግድ ነው፤ የእኛ ግን ግማሹ ባዶ ነበር። ሳንመረምር ፈርደን የማይመለስ ነገር አጣን። እናንተ እንዳትደግሙት።

ስለዚህ አንደኛው ሥራ መዝገብን መገልበጥ ነው። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የሒሳብ ፋይላችሁን በሁለት ፍላሽ ገልብጡ፤ አንዱ ቢሮ ይቀመጥ፣ ሌላው በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ገልብጣችሁም በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩት። ያልተከፈተ ግልባጭ ያልተቆጠረ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ሪስታርት ማድረግ ነው። «እኛ ማታ ማታ እናጠፋዋለን» ትሉ ይሆናል፤ እኛም እንዲሁ እንል ነበር። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ግን «ሸት ዳውን» ስንል ዊንዶውስ ነገ ቶሎ ለመነሣት ሲል የራሱን ሥራ በከፊል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። «ሪስታርት» ስንል ግን ሁሉን አራግፎ እንደ አዲስ ይነሣል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሪስታርት አድርጉ።

ሦስተኛው ምርመራው ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። «ታስክ ማናጀር» የሚባል መስኮት ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩ። የፕሮግራሞች ዝርዝር ይመጣል፤ በጎን «ሲፒዩ»፣ «ሜሞሪ»፣ «ዲስክ» የሚሉ አምዶች አሉ። ይህን እንደ ወጪ መዝገብ አንብቡት። «ሜሞሪ» የሚለውን አናት ላይ ስትነኩት ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል።

እኛ ስንከፍተው አንድም ሥራ ሳንጀምር ሜሞሪው 81 ከመቶ ደርሶ ነበር፤ ዲስኩ 100 ከመቶ። ሰፌዳችን ላይ ማን ነው እህሉን የዘረጋ ብለን አንድ በአንድ አየን። መልእክት መለዋወጫ አለ። ፊልም ማውረጃ አለ፤ ማን እንደጫነው እስካሁን አልታወቀም። ሁለት ፀረ ቫይረስ አለ፤ ሁለቱም የተከፈተውን ፋይል ሁሉ ለመፈተሽ ይሽቀዳደማሉ። «ኮምፒውተርዎን እናፈጥናለን» የሚል ፕሮግራምም አለ፤ እሱ ራሱ ከሚበሉት አንዱ ነበር! እነዚህ ሁሉ በስክሪኑ ላይ አይታዩም፤ ከኋላ ሆነው ይሠራሉ። ማንም በግድ አላስገባቸውም። ፍላሽ ስንቀባበል፣ አንድ ነገር ስንጭን «እሺ፣ እሺ» እያልን ሳናነብ ስንጫን የገቡ ናቸው። ሳያነቡ መፈረም ማለት ይህ ነው።

አራተኛው መዝጋት ነው። የማትፈልጉትን ፕሮግራም መርጣችሁ «ኢንድ ታስክ» ስትሉ ይዘጋል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። መጀመሪያ፣ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ያለበትን ፕሮግራም እንዲህ አትዝጉ፤ ሥራው ይጠፋል። ደግሞም ስሙን የማታውቁትን አትንኩ፤ «ዊንዶውስ» ወይም «ሲስተም» የሚል ካለበት ተዉት። የቤቱን ምሰሶ ትርፍ እንጨት ነው ብሎ የሚነቅል የለም።

አምስተኛው እንዳይመለሱ ማድረግ ነው። «ኢንድ ታስክ» ያልነው ነገ ላፕቶፑ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚል ክፍል አለ። ላፕቶፑ ሲከፈት አብረው የሚነሡት እዚያ ተዘርዝረዋል። የማያስፈልገውን መርጣችሁ «ዲስኤብል» በሉት። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ሳትጠሩት እንዳይመጣ ብቻ ያደርገዋል። ከተሳሳታችሁም «ኢነብል» ብሎ መመለስ ይቻላል። ፀረ ቫይረስን ግን አንድ አስቀሩ፤ በፍላሽ ለምንኖር ሰዎች ያለ እሱ መሥራት በር ከፍቶ ማደር ነው። ጨርሶ የማትፈልጉትን ፕሮግራም ከ«ሴቲንግስ»፣ «አፕስ» ከሚለው ገብታችሁ «አንኢንስቶል» አድርጉ።

ስድስተኛው የራሳችንን እጅ ማየት ነው። ሁሉን ከዘጋን በኋላም የቁጠባ መዝገባችን ሲከፈት ይጎተት ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። የስድስት ዓመት ቁጠባና ብድር በአንድ የኤክሴል ፋይል አጭቀን፣ ቀመሩንም ባዶው ረድፍ ድረስ አውርደነው ነበር። የተዘጋውን ዓመት ሁሉ ለየብቻ አስቀመጥን፤ የዘንድሮው ብቻ በየቀኑ የሚከፈት ሆነ። ብራውዘር ላይም እንዲሁ ነው፤ ከላይ የተደረደረው እያንዳንዱ ገጽ ሰፌድ ላይ ቦታ ይይዛል። የጨረሳችሁትን ዝጉ።

ውጤቱን እንንገራችሁ። ላፕቶፑ ከተከፈተ እስከ መዝገቡ ድረስ በፊት 19 ደቂቃ ይወስድ ነበር፤ አሁን 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ሳንሠራበት ሜሞሪው 52 ከመቶ ነው። አንድ ብር አላወጣንም።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር በዚህ ይድናል አንልም። የእኛ ራም 4 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ 11 ከዚህ ባነሰ ራም ላይ አይጫንም፣ በ4 ላይም ቢጫን ይጠባል። ተጠርጎም ካልሆነ፣ አዲስ ላፕቶፕ ከማሰብ በፊት ጠጋኙን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ «ራም መጨመሪያ ቦታ አለው ወይ?» እና «ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ይቀየራል ወይ?»። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ስለሆነ የድሮ ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ዲስክ ሲቀየር መዝገቡ አብሮ እንዳይሄድ ግልባጩ በእጃችሁ ይሁን። ሌላም አለ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ነገ ላፕቶፑ አይዘጋባችሁም፤ ግን የደኅንነት ማሻሻያ እንደ ቀድሞው አይመጣለትም። ስለዚህ ማኅበሩ ወደፊት ላፕቶፕ መለወጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ግን በዕቅድና በጉባኤ ውሳኔ ይሁን፤ በሰኔ ግርግር፣ በድንጋጤ አይሁን።

እህቶቻችን፣ ወር በገባ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይህን አድርጉ፦ ግልባጭ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ ታስክ ማናጀር። ሲነሣ ሜሞሪው ስንት ከመቶ እንደሆነ በደብተር ጻፉ። ቁጥሩ ከወር ወር ከጨመረ ሳትጠሩት የገባ አለ ማለት ነው። የመሸጋገሪያ ሒሳብ የምታመሳክሩትን ያህል ይህንንም አመሳክሩ። ወንድ እስኪመጣና እስኪያይልን አንጠብቅ፤ በዚህ ውስጥ ለሒሳብ ያዥ የሚያቅት ነገር የለም።

በመጨረሻ፣ እኒያ የስማዳዋ እናት በመስከረም ተመልሰው መጥተው ነበር። ደብተራቸውን ተቀብለን ከመዝገቡ ስናመሳክር ወንበሩ ላይ ገና እየተመቻቹ ነበር። «ጨረስን እናታችን» ስንላቸው «አሁንስ ገንዘቤ ቅርብ ነው ያለው» ብለው ሳቁ። ለካስ ገንዘባቸው ሁልጊዜም ቅርብ ነበር፤ መንገዱን የዘጋነው እኛ ነበርን።