ዙሪያውን የሚያይ ካሜራ ለቤተሰባችን ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ስለ ባለ 360 ዲግሪ ካሜራ እናወራለን። ስሙ አያስፈራችሁ፣ ነገሩ ቀላል ነው።

ተራ ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ይኼኛው ግን ከፊትም ከኋላም ሌንስ አለው። እያንዳንዱ ሌንስ ከግማሽ ክብ ትንሽ አለፍ አድርጎ ያያል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ምስሎች ጠርዛቸው ላይ አገናኝቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ተመልካቹም በስልኩ ወደ ፈለገበት እያዞረ ያያል።

እኛን ምን ይጠቅመናል? ስግድን እንውሰድ። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ እንወጣለን። ጉልበታቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ግን ቤት ይቀራሉ። በቴሌቪዥን የሚያዩት ደግሞ ካሜራማኑ የመረጠላቸውን ነው። በዚህ ካሜራ ሲቀረጽ ግን ቄሶቹን ከነጥላቸው አይተው፣ ዞር ብለው ሕዝቡንም ያያሉ።

ሁለተኛው ታሪክ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው መዝግበዋል። እኛ ያን ያህል መሣሪያ አያስፈልገንም። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው አምቦበር ወይም ወለቃ ሲደርስ ካሜራውን መሀል ላይ ያቁመው። ሲመለስ ምስሉን ለእናቱ ያሳያት። «ምኵራቡ በዚህ በኩል ነበር፤ ውኃ የምንቀዳው ከዚያ ማዶ ነው» ስትል ድምፅዋን ይቅዳ። ቦታውን ነገም ማንሳት ይቻላል፤ የሚያስረዱን ሽማግሌዎች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።

ለጀማሪ ጥቂት ምክር ልስጥ። ካሜራውን በሰው ዓይን ከፍታ፣ በማይነቃነቅ እግር ላይ አቁሙት። ይዛችሁ አትራመዱ፤ ተመልካቹን ያዞረዋል። ሰው በጣም ቀርቦ መጋጠሚያው ላይ ከቆመ ፊቱ ይቆረጣል፣ ራቅ ይበል። ራስ ላይ የሚጠለቀው መነጽር ለአዛውንት ሊከብድ ስለሚችል፣ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ በታብሌት አሳዩአቸው። ደግሞ ይህ ካሜራ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ስለሚያነሳ፣ አስቀድማችሁ ሰዎቹን አስፈቅዱ።

በሉ እንግዲህ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ጠይቁና ቅዱ። ሰላም ሁኑ፣ ሻሎም!