ስለ ኮምፒዩተር አልጀብራ ከፍተኛ ትምህርትና ስለ መምህሩ ድርሻ



 የኮምፒዩተር አልጀብራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በስፋት የሚጠና ስለ ሆነ፥ «እኛን የመምህራን አሠልጣኞችን ምን ያገባናል?» የሚል አይጠፋም። የመጣሁትም ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። መልሱን ግን ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከሰሊጥ ማሳ እጀምራለሁ።

ያደግሁት በመተማ ነው። ከድንበሩ ማዶ ገላባት፥ ከገላባትም አልፎ ገዳሪፍ አለ። የእኛ ሰው መሬትን በሄክታር ሲለካ የገዳሪፍ ሰው በፈዳን ይለካል፤ አንድ ፈዳን 4200 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አባቴ በየዓመቱ በገዳሪፍ እርሻዎች በቀን ሠራተኛነት ይሠራ ነበር። በአንድ ክረምት ግን ከጓደኞቹ ጋር ከድንበሩ ወዲህ 12 ሄክታር ሰሊጥ አረሙ። አሠሪው ሒሳቡን በገዳሪፍ ልማድ በፈዳን አድርጎ የ28 ፈዳን ዋጋ ከፈላቸው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁና አካፍዬ 28.57 አገኘሁ። «ልዩነቱ ጥቂት ነው» ብለው፥ አባቴ «ጥቂቱንም ያረምነው እኛ ነን» አለኝ።

ትክክለኛው መልስ 200/7 ነው። ከ28 የተረፈው 4/7 ፈዳን 2400 ካሬ ሜትር ይሆናል። 28.571428 እያልን ብንቀጥል መጨረሻ የለውም፤ የትም ብንቈርጠው ከሰው ድካም አንዳች ይቀራል። ተራው የሒሳብ መኪና ቍጥሩን ከአንድ ቦታ ላይ ይቈርጠዋል። የኮምፒዩተር አልጀብራ ግን 200/7ን እንደ 200/7፥ የ2ን ዳግም ዘር እንደ ዳግም ዘርነቱ፥ ፊደልንም እንደ ፊደልነቱ ይዞ፥ ሳይቈርጥና ሳያጠጋጋ የሚያሰላ ጥበብ ነው።

ይህ ጥበብ ከእኛ ሩቅ የመጣ አይምሰላችሁ። «አልጀብራ» የሚለው ቃል በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ስም የተገኘ ነው። «አልጎሪዝም» የሚባለውም የስሌት ሥርዐት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሊቅ ስም ነው። «ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረን መጠገን ማለት ነው፤ በአገራችን ወጌሻ አጥንት እንደሚገጥመው ያለ ነው።

ከድንበሩ ወዲህም ባሕረ ሐሳብ አለን። የ2018ን ዓመተ ምሕረት ውሰዱ። ከ5500 ጋር ሲደመር 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ስናነሣ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴው 12፥ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ ድምራቸውም 30 ነው። ይህ በየዓመቱ እውነት መሆኑን ለማወቅ ሁሉንም ዓመት ማስላት ያስፈልጋልን? አያስፈልግም። ወንበሩን «ወ» ብለን እንጥራው። 11ወ እና 19ወ ሲደመሩ 30ወ ይሆናሉ፤ ይህም በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። በአንዲት ፊደል የዘመናት ሁሉ ሒሳብ ተፈጸመ። ፊደልን ማስላት ማለት ይህ ነው።

በከፍተኛው ትምህርት ደግሞ ጥያቄው ይጠልቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ብሩኖ ቡክበርገር የተባለ ወጣት በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ፥ ብዙ ያልታወቁ ቍጥሮች ያሉባቸውን እኩልታዎች መፍትሔያቸውን ሳይለውጥ ደረጃ በደረጃ ለመፍታት ወደሚያመቹ እኩልታዎች የሚመልስ ሥርዐት አሳየ። ውጤቱንም በመምህሩ በቮልፍጋንግ ግሮብነር ስም «የግሮብነር መሠረት» ብሎ ሰየመው።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ አራት ማዕዘን ማሳ 12 ሄክታር ነው፤ ርዝመቱም ከወርዱ በ100 ሜትር ይበልጣል። መቶውን ሜትር እንደ አንድ ቈጥረን ርዝመቱን «ሀ»፥ ወርዱን «ለ» ብንል፥ ሀ × ለ = 12፥ ሀ − ለ = 1 ይሆናል። ሥርዐቱ እነዚህን ሀ = ለ + 1 እና ለ × ለ + ለ − 12 = 0 ወደሚሉት ይመልሳቸዋል። ሁለተኛው «ለ»ን ብቻ ስለ ያዘ 3 ወይም −4 መሆኑ ይታወቃል። ማሽኑ ሁለቱንም መልስ በእኩልነት ያቀርባል። ከዜሮ ያነሰ ወርድ ያለው ማሳ እንደ ሌለ የሚያውቀው ግን ሰው ነው፤ 300 ሜትር ወርድና 400 ሜትር ርዝመት ብሎ የሚፈርደውም እርሱ ነው።

ይህን ያወቅሁት ተዋርጄ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ ከባድ እኩልታዎች ተሰጥተውኝ የማሽኑን መልስ ገልብጬ አቀረብሁ። መምህሬ «መፍትሔው ሁሉ ይህ ብቻ መሆኑን በምን ዐወቅህ?» ሲሉኝ፥ «ማሽኑ ብሏል» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም «እንግዲያው ዲግሪውን ለማሽኑ እንስጠው» አሉ። ሦስት ሌሊት ተቀምጬ በእጄ ሠራሁት። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አገልጋዬ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ግን ጌታዬ ነበር።

እንግዲህ ለማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶቻችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ሠልጣኙ አስቀድሞ በእጁ ሠርቶ ከዚያ በማሽኑ ይመርምር፤ የማሽኑንም መልስ «ለምን?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀበል። ሁለተኛ፥ ማክሲማና ሴጅ የሚባሉት ፕሮግራሞች ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስለዚህ በጠረፍ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት «አቅም የለኝም» ሊል አይገባውም።

የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ስለ ሆነ፥ ብዙ የጠረፍ ልጆች ደብተራቸውን አስቀምጠው ወደ እርሻ ሲሄዱ ኖረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሰደዱትን አየን። ከእነዚህ ልጆች መካከል የአልጀብራ ሊቅ ሊወጣ እንደሚችል የማያምን መምህር ቢኖር፥ ገና ሳያስተምር በ28 ላይ ቈርጧቸዋል ማለት ነው።

አባቴ የቀረበትን ዋጋ አላገኘም። እኔ ግን በየዓመቱ ለአዲስ ሠልጣኞች የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጌ የምሰጠው ያንኑ 12 ሄክታር ነው። 28.57 ብሎ የሚያቆመውን «የቀረውስ የማን ነው?» እለዋለሁ።