ሰው በሚገባው ቋንቋ እንናገር
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን የሥነ ሕይወትና የአካባቢ ሳይንስ ዕውቀት ለሕዝብ እንዴት ይነገር የሚል ነው። “ይህ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጉዳይ እንጂ የኢማም ጉዳይ ነውን?” የሚል ሊኖር ይችላል። ከራሳችን ጥፋት እንጀምርና መልሱን አብረን እንፈልግ።

በ2008 ዓ.ም. ረመዷን ከሰኔ ወር ጋር በገጠመበት ጊዜ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታየ። እኛም ጀሞ ባለው መስጂዳችን ጁሙዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ስለ በሽታው የተጻፈ ወረቀት እንዳለ አነበብን። “በተሕዋስያን የተበከለ ውሃ”፣ “የግልና የአካባቢ ንጽህና”፣ “የሰውነት ፈሳሽ መመናመን” እያልን ጨረስን። ስንወጣ አንዲት እናት በሩ ላይ ጠብቀው፣ “ኡስታዝ፣ ይህ አተት የሚሉት መሥሪያ ቤት ምን አድርጉ ነው የሚለን?” አሉን። ሳቅን። መሳቅ አልነበረብንም።

ከቀናት በኋላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር አንድ ወንድማችን ከሱሑር በኋላ ታመመ። ተቅማጡ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ቤተሰቡ ጠጣ ቢለው “ጾሜን አላፈርስም፣ መግሪብ ምን ቀረው?” ብሎ እምቢ አለ። ልጁ እየሮጠ መጥቶ ጠራን። ስንደርስ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ድምፁ ጠፍቶ አገኘነው። በጎረቤት መኪና ወደ ሕክምና ተወሰደ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ። ሲሻለው ግን፣ “ኡስታዝ፣ ጁሙዓ ዕለት ሲያነቡ ነበርኩ። የታመመ ይጠጣ ሲሉ አልሰማሁም” አለን።

እውነቱን ነው፤ አላልንም። አላህ (ሱ.ወ) የታመመ ሰው ጾሙን ፈቶ በሌላ ቀን እንዲተካ መፍቀዱን ከሱረቱል በቀራ ስንት ጊዜ አስተምረናል! በሽታው የሚገድለው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሰውነትን ውሃና ጨው አሟጦ መሆኑም በእጃችን በነበረው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሁለቱን ዕውቀት ግን አላገናኘናቸውም። ያ ወንድም ቢሞት ኖሮ አላህ ፊት ምን እንል ነበር?

በሚቀጥለው ጁሙዓ ወረቀቱን አስቀምጠን በራሳችን አነጋገር እንዲህ አልን፦ “እናቶች! ሊጥ አቡክታችሁ እርሾ ስትጨምሩ ኩፍ የሚያደርገው ማን ነው? በዓይን የማይታይ፣ ሕይወት ያለው የአላህ ፍጥረት ነው። የአተት ተሕዋስም እንደዚሁ አይታይም፤ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የእርሾው ሲጠቅም ይህኛው ይጎዳል። ከታማሚ ሰገራ ወደ ውሃ፣ ከእጅ ወደ ምግብ ይሻገራል። ውሃው ከፈላ ይሞታል፤ እጅ በሳሙና ከታጠበ ይወገዳል። የታመመ ሰው ጾሙን ፈቶ ወዲያው ይጠጣ። ለምለም የሚባለው ዱቄት ካልተገኘ 1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው አይቆለል። እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።”

እኚያ እናት መጡና፣ “ታዲያ ያን ዕለት እንዲህ አትሉንም ነበር?” አሉን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዐሊይ (ረ.ዐ) ሰውን በሚገባው ልክ እንድናናግር መምከራቸው ይታወቃል። ይህ ማለት ግን ሕዝቡ አያውቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ከዚያ በመነሣት እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በእንዶድ ላይ ለሠሩት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ምሁሩ ከልብስ አጣቢዎቹ ባይማር ኖሮ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር?

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በደቡብ አዲስ አበባ በትንሹ አቃቂና በገባሮቹ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በወንዝ ውሃ ይለማል። ተመራማሪዎች በከተማችን ወንዞች ከለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ብረቶችን አግኝተዋል። “አጥቤ እቀቅለዋለሁ” ትሉ ይሆናል። ማጠብና መቀቀል ለተሕዋስያን ይበጃል። ብረት ግን ሕይወት የለውምና በእሳት አይሞትም። በሥር በኩል ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ የገባውም ታጥቦ አይወጣም፤ ወጥ ውስጥ የሰረፀን ጨው ሥጋውን በማጠብ እንደማናወጣው ማለት ነው። መፍትሔው ወንዙን ከምንጩ መጠበቅ ነው። ፋብሪካው ፍሳሹን ያጣራ፤ ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት፣ እኛም ያለቀ ባትሪ ቦይ ውስጥ አንጣል። ልጆቹን በዚያ ማሳ የሚያሳድገውን ገበሬ ግን አንዝለፍ፤ ውሃውን ያበላሸው እርሱ አይደለም።

እንግዲህ ምሁራን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ የምታውቁትን በእናቶቻችን ጓዳ ቋንቋ ንገሩን። ኢማሞችም ከማንበባችን በፊት እንረዳ፤ ካነበብን በኋላ “ምን ሰማችሁ?” ብለን እንጠይቅ። እናንተም አድማጮቻችን፣ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው ቢስቅ እንኳ ደግማችሁ ጠይቁት።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ያወቅነውንም ለሰው የምናደርስ ያድርገን። አሚን።