እምቦጩ የሚቀለበው ከላይ ነው

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ «ልጆቻችን አካባቢያቸውን መጠበቅን የሚማሩት ከቤት ነው ወይስ ከስልክ?» የሚል ነው። አብዛኞቻችሁ ስልክን እንድወቅስላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እኔ ግን ከምስጋናው ልጀምር።

የጣናን ነገር አስታውሱ። እምቦጭ በሐይቁ ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው። ለዓመታት ጭንቀቱ በሐይቁ ዳር ያለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነበር፤ በእኛ ዞን የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ከምከም ሰው ማለት ነው። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ግን ፎቶው በፌስቡክ ተዳረሰ። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቶች አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ፤ ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ቤት ያለች እናት ቢልሃርዝያውን ፈርታ «ይቅርብህ» ሳትል አልቀረችም። እነሱ ግን ሄዱ። ይህን ያደረገው ስልክ ነውና ልንነፍገው አይገባም።

ችግሩ እምቦጭ በአንድ ቀን ዘመቻ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። ከተነቀለው ቁራጭ ቢቀር እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአንድ ወር ያህል ትልቅ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር፤ አረሙ ዛሬም አለ። ደግሞስ ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚወፍረው? ርብና ጉማራ ተሸክመውለት የሚወርዱትን አፈርና ማዳበሪያ ነው። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ነው፤ ከዚህ ከራሳችን ተራራ። ደብረ ታቦር ላይ ከቤታችን ጀርባ ወደ ፈፋው የምንደፋው ሁሉ ክረምት ሲገባ መንገዱ ወደ ጣና ነው። ወጣቶቹ ታች ሲነቅሉ እኛ ላይ ሆነን እንቀልበዋለን ማለት ነው። ይህን ደግሞ በፌስቡክ ፎቶ አንሥቶ የሚለጥፍ የለም፤ ቆሻሻ ውሃ ከአበባ ጋር ምን ያወዳድረዋል!

ቤት ምን ማስተማር እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንን ተመልከቱ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ወይራው፣ ጽዱና ኮሶው በቅጥሩ ውስጥ ቆሟል። ማን አቆመው? ቀሳውስቱና ሕጋቸው አሉ፤ እሱ ትልቁ ነው። ነገር ግን ገና ማንበብ የማይችል ሕፃን በቅጥሩ ውስጥ ቅርንጫፍ ሊሰብር እጁን ሲዘረጋ እጁን የምትይዘው እናቱ ወይም አያቱ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በየእሑዱ፣ በየንግሡ። ለዚህ ሥልጠና የሰጠን የለም፤ አበልም አልተከፈለበትም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚያ ወራት በስልክ «ኑ እንትከል፣ ኑ እንንቀል» የሚል ጥሪ አልነበረም። ጎርፉና እምቦጩ ግን ኔትወርክ አይጠብቁም። ልጁ ያኔ የሚያደርገው በቤቱ ሲደረግ ያየውን ነው፤ አመድና ፍግ ወደ ጓሮው ጎመን ሲሄድ ካየ ያንኑ፣ ወደ ፈፋው ሲደፋ ካየም ያንኑ።

አሁን ወደ ፌስታል ልምጣ፤ ይሄ ኪሳችንንም ይነካል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ገበያ ላይ ግን ማን ሰማው? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ቅጣትም አለው። ታዲያ የማኅበራችን በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ በምን ይሸጣል? ልጆቻችን የሚያዩት እኛ በፌስታል ቋጥረን ስንሰጥ ነው። «ተፈጥሮን ጠብቁ» ብለን ብንመክራቸው እጃችንን አይተው ይስቁብናል፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስፌት የምትችሉ አባላት ከአቡጀዲ ትንንሽ ከረጢት ስፉልን፤ ጨርቁ ከቁጠባችን ይገዛ። ደንበኛ ከረጢቱን ይዞ ሲመለስ ከዋጋው ጥቂት ይቀነስለት። ዘንቢል የሚሠሩ እናቶችም አብረው ይሽጡ። ፎቶውንና ቪዲዮውን ለልጆቻችን እንተውላቸው፤ ቲክቶክ ላይ ማን ምን እንደሚወድ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። እነሱ የሚለጥፉት ግን በቤታቸው በየቀኑ የሚሠራውን ይሁን።

የከረጢቱን መጠንና ዋጋ ዛሬውኑ ብንወስን ጥሩ ነው። ግማሽ ኪሎ በርበሬ የሚይዝ ናሙና አምጥቻለሁ፤ እየተቀባበላችሁ እዩት፣ ስፌቱ የላላ ከመሰላችሁም ንገሩኝ።