ቀለም ያልያዘው ሕዋስ



የአይጠ መጎጥን የራስ ቅል ከፍታችሁ አንጎሉን ስታነሡ ፒቱታሪ ዕጢ አብሮ አይመጣም። ቀጭኑ አንገቱ ይበጠስና የራስ ቅሉ ወለል ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ክብደቱ 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ ሠላሳ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ከዚያ ብዙም አይርቅም። ትኩሱን በመቆንጠጫ የነካ ሰው ሕዋሳቱን ይጨፈልቃቸዋል። ከነአጥንቱ ፎርማሊን ውስጥ አቆይቶ፣ ሲጠና ማውጣት ይሻላል።

ከዚያ ፓራፊን ውስጥ ይቀበርና 5 ማይክሮን ያህል ሳስቶ ይቆረጣል፤ በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲንም ይቀለማል። ማይክሮስኮፑ ሥር ፊተኛው፣ መካከለኛውና ኋለኛው ክፍል ይለያሉ። መካከለኛው በአዋቂ ሰው ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በአይጥ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። የሰውን መጽሐፍ ይዞ የአይጥን ስላይድ የሚያነብ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኋለኛው ክፍል ከሃይፖታላመስ የወረዱ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ ሆርሞን አከማችተው ያበጡት ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በገለጻቸው በሄሪንግ ስም ይጠራሉ።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ፊተኛው ክፍል ነው። ኢኦሲን የሚያቀላቸው ሕዋሳት የእድገት ሆርሞንና ፕሮላክቲን ያመነጫሉ። ሰማያዊ ከሚሆኑት መካከል ታይሮይድንና የመራቢያ ዕጢዎችን የሚያዝዙት ሆርሞናቸው ስኳር ያዘለ ፕሮቲን ስለሆነ ፒ.ኤ.ኤስ. በሚባለው ቀለም ደማቅ ሐምራዊ ይሆናሉ። ሦስተኞቹ ገርጥተው ይቀራሉ። ተማሪዎች እነዚህን «ሥራ የሌላቸው» ይሏቸዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቀለሙን የሚይዘው ሕዋሱ ውስጥ የተከማቸው የሆርሞን እንክብል ነው። ከገረጡት መካከል ደጋፊ ሕዋሳት አሉ፤ ያከማቹትን ወደ ደም የለቀቁም አሉ።

ማስረጃው ይኸውና፤ የአይጠ መጎጥ ታይሮይድ ሲወጣ፣ ታይሮይድን የሚያዝዙት የፒቱታሪ ሕዋሳት ያብጣሉ፣ እንክብላቸው ይሳሳል፣ ይገረጣሉ። በዚያች ሰዓት ከእነርሱ በላይ የሚደክም የለም!

ይህ የታይሮይድና የፒቱታሪ ሰንሰለት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዝናብ ሲያጥበው የኖረ የደጋ አፈር አዮዲን ያንሰዋል። በዚያ የበቀለውን በሚመገብ ሰው የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ፒቱታሪ ትእዛዙን ያበረታል፣ ታይሮይዱም አብጦ እንቅርት ይሆናል። ከኤርትራ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ሲቋረጥ ገበታችን አዮዲን ወዳልገባበት የአፋር ጨው ዞረ፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አንገት ላይ የምናየው እብጠት መነሻው ዕጢው ብቻ ሳይሆን ከራስ ቅል ወለል የሚወርደው ትእዛዝ ጭምር ነው።

ነገ ክፍል ስትገቡ፣ ከእያንዳንዱ ስላይድ ጎን የቀለሙን ስም ጻፉ። ማስታወሻችሁ ላይ «ሥራ የሌላቸው» የሚል ካለም ሰርዙና «እንክብላቸው የሳሳ ወይም የሌላቸው» ብላችሁ አርሙት።